የዴሜቴር በሶ

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሶፋ ላይ ይወረውርና ስልኩ ላይ ይጣዳል። የሚጫወተው ጌም ውስጥ አንድ ጡንቻው የተወጣጠረ ሰውዬ የግሪክ አማልክትን ተራ በተራ ይገድላል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ቀና አለና፣ «አክስቴ፣ ሰዎቹ ግን የእውነት በዜውስ ያምኑ ነበር? ወይስ ተረት እንደሆነ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«ያምኑ ነበር» አልኩት። ትንሽ ቆየሁና ደግሞ፣ «ማለቴ… እኛ እንደምናምነው አይደለም» አልኩ። ከዚያ ስኒዬን አንስቼ ዝም። ልጁ ከእኔ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ገባውና ወደ ግድያው ተመለሰ።

ጥያቄው ግን እኔ ላይ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። አያነበውም፤ ቢሆንም።

እኔ የግሪክን አማልክት መጀመሪያ የተዋወቅኋቸው እንደ ኳስ ቡድን አሰላለፍ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ እጄ ገባ። ውስጡ ሰንጠረዥ ነበረው። ዜውስ፦ መብረቅ። ፖሰይዶን፦ ባሕር። አሬስ፦ ጦርነት። አፍሮዲቴ፦ ፍቅር። ዴሜቴር፦ እህል። ማን በረኛ፣ ማን አጥቂ እንደሆነ እንደሚሸመደድ ሸመደድኳቸው። ከሰንጠረዡ ሥር አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። የጥንት ሰዎች ሳይንስ ስላልነበራቸው የተፈጥሮን ነገር በአማልክት ያብራሩ ነበር የምትል።

ለብዙ ዓመት በዚያች ዐረፍተ ነገር ኖርኩ። ትመቻለች። መብረቅ ለምን ይወርዳል? ዜውስ ተቆጥቶ። ምድር ለምን ትንቀጠቀጣለች? ፖሰይዶን መትቷት። እነሱ አላወቁም፣ እኛ አወቅን፣ አለቀ። አፈ ታሪክ ማለት ፈተና የወደቀ ሳይንስ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ታሪኮቹን ራሳቸውን ማንበብ ስጀምር ሰንጠረዡ አልሠራ አለኝ። ፖሰይዶን የባሕር ከሆነ ፈረስ ውስጥ ምን ዶለው? የፈረስም አምላክ ነው። አፖሎ ፈዋሽ ነው ይባላል፤ ኢሊያድ የሚባለው የሆሜር የጦርነት ግጥም ሲጀምር ግን ሠራዊቱ ላይ በቀስቱ ወረርሽኝ የሚለቅቀው እሱው ነው። ሄርሜስን ደግሞ ተመልከቱ። የነጋዴ ነው፣ የሌባ ነው፣ የመንገደኛ ነው፣ የመልእክተኛ ነው። የሞተን ሰው ነፍስ ወደ ታች የሚያደርሰውም እሱ ነው። ይህ ምን ዓይነት የሥራ መደብ ነው?

ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉም ተሻጋሪዎች ናቸው። ሌባ አጥር ይሻገራል። ነጋዴ አገር ይሻገራል። ሟች ደግሞ የመጨረሻውን። ግሪኮች አንድን ወሰን ሲሻገሩ የሚይዛቸውን ፍርሃትና ተስፋ አንድ ላይ ጠቅልለው ስም አወጡለት። እዚህ ውስጥ መብረቅም ዝናብም የለም። የሚብራራ ነገርም የለም።

«እኛ እንደምናምነው አይደለም» ያልኩትም ከባዶ ተነሥቼ አልነበረም። ግሪኮች አንድ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ሁሉም የሚደግመው አንድ ጸሎተ ሃይማኖት አልነበራቸውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ የአማልክቱን የዘር ሐረግና መልክ ለግሪኮች የሠሩላቸው ሆሜርና ሄሲኦድ ናቸው ይላል። እነሱም ከእሱ ቢበዛ በ400 ዓመት ነው የሚቀድሙት ይለናል። አስቡት። አማልክቱን መልክ መልክ ያስያዟቸው ገጣሚዎች ናቸው ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ሰው፣ ተመልሶ በዴልፊ የአፖሎ ቤተ መቅደስ የሚነገረውን ትንቢት ከልቡ ይከታተላል። ሁለቱ ነገሮች አልተጋጩበትም። ሄሲኦድ አፍሮዲቴ ከባሕር አረፋ ተወለደች ይላል፤ ሆሜር የዜውስ ልጅ ናት ይላል። በዚህ ምክንያት ማንም አልተወገዘም።

ሶቅራጥስ በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ የከተማዋን አማልክት አላከበረም የሚል ነበር። እውነት ነው። ግን የትኛውን ታሪክ ታምናለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ልናገር ካልኩ እንደ እድር ነበር። እድር ስለ ልብህ አይጠይቅህም። ወር በወር ትከፍላለህ፣ ድንኳን ትተክላለህ፣ ቀብር ትወጣለህ። ከቀረህ ትቀጣለህ።

ድርሻ ከተነሣ አይቀር ሥጋ ይምጣ።

ሄሲኦድ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚገባ ይመስለኛል፤ ነገሩ ቅርጫ ነውና። ሜቆኔ በሚባል ቦታ አማልክትና ሰዎች ድርሻቸውን የሚለዩበት ቀን ደረሰ። አራጁ ፕሮሜቴዎስ ነው፤ ከአማልክት ወገን ሆኖ ለሰው የሚያደላ። አንድ ትልቅ በሬ አረደና ሁለት መደብ አደረገው። በአንዱ መደብ ሥጋውንና የሰባውን የሆድ ዕቃ አስቀምጦ በጨጓራ ሸፈነው። ዓይን የማይሞላ ነገር። በሌላው ዐጥንቱን ብቻ ደርድሮ በሚያብለጨልጭ ነጭ ሞራ ጠቀለለው። ከዚያ ዜውስን «ደስ ያለህን አንሣ» አለው። ቅርጫ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነቱን አራጅ ያውቀዋል። ዕጣ የሚጣለውም ለዚሁ ነው።

ዜውስ ሞራውን አነሣ። ከሥሩ ዐጥንት። ሄሲኦድ፣ ዜውስ ተንኮሉን እያወቀ ነው ያነሣው ይላል። የአምላኩን ክብር ለማዳን የገባች ማስተካከያ ትመስለኛለች። ብቻ ተቆጣ፤ እሳትን ከሰው ነሣ። ፕሮሜቴዎስ ደግሞ እሳቱን ረጅም አገዳ ውስጥ ደብቆ ሰርቆ አመጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ዜውስ ያሰረበት ሰንሰለት፣ ጉበቱን የሚበላው ንስር።

እኔን የያዘኝ ዐጥንቱ ነው። ግሪኮች መሥዋዕት ሲያቀርቡ በእርግጥም ለአማልክት የሚያቃጥሉት ዐጥንትና ሞራ ነበር። ሥጋውን ራሳቸው ጠብሰውና ቀቅለው ይበሉታል። ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው፣ አይደል? «ለአንተ ብለን አረድን» ብሎ ጭሱን ወደ ላይ፣ ጎድኑን ወደ አፍ። ታሪኩ ያቺን እፍረት አይሸፍናትም። አዎ፣ ከመጀመሪያው ተጭበርብሯል፤ አዎ፣ ዋጋውን ከፍለናል፤ አሁን ና ብላ ይላል። በዓል በመጣ ቁጥር፣ የከተማው ሰው ሥጋ በተካፈለ ቁጥር፣ ይህ ታሪክ ከጭሱ ጋር እዚያው አለ። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ከስልኩ ቀና አለ።

«ጀግናው አጭበርባሪ ነው እንዴ?»

ነው።

ሜቆኔ ላይ ማዕዱ ተለየ። ከዚያ ወዲህ አማልክትና ሰዎች እንደልብ አብረው አይበሉም። በሆሜር ግን ይህ ማዕድ እስካሁን ያልተነሣበት አንድ ቦታ አለ። የኢትዮጵያውያን አገር።

ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ጉራው በበቂ ተነዝቷል። በኢሊያድ 1ኛ መጽሐፍ የጀግናው የአኪሌስ እናት ቴቲስ ለዜውስ አቤት ልትል ትፈልጋለች። ዜውስ ግን የለም። ትናንት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድግስ ሄዷል፣ አማልክቱም ሁሉ ተከትለውታል፣ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። ኦዲሲ በሚባለው በሌላው የሆሜር ግጥም ላይ ደግሞ ፖሰይዶን ጀግናውን ኦዲሴዎስን አገሩ እንዳይገባ እያሳደደው ነው። እሱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ላይ ሳለ የቀሩት አማልክት ተሰብስበው ሰውዬው ይግባ ብለው ወሰኑ። ልክ አለቃው መስክ ሲወጣ ደብዳቤውን ቶሎ እንደሚፈርም ምክትል።

እነዚህ ኢትዮጵያውያን እኛ ነን? ቃሉ በግሪክኛ «ፊቱን ፀሐይ ያቃጠለው» እንደማለት ነው። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገርና ሕዝብ፣ አንዳንዴም የዓለም ጫፍ ላይ ያለውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ሆሜር ራሱ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ፀሐይ በምትጠልቅበትና በምትወጣበት። ካርታ አይደለም። እኔ የማየው ታሪኩ የሚሠራውን ሥራ ነው። ከአምላክ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ እንዳከተመ ግሪኮች ያውቃሉ። ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ በጣም ሩቅ ወስደው፣ ነቀፋ የሌለባቸው ሰዎች ዘንድ በአደራ አስቀመጡት። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር የምናስቀምጠው «ድሮ» የሚባል አገር ውስጥ ነው።

የተጠራጠረም አልጠፋም። በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተወለደው የግሪክ ገጣሚና ፈላስፋ ክሴኖፋኔስ፣ ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻችን ጥቁሮችና አፍንጫ ደፍጣጣ ናቸው ይላሉ፣ ከግሪክ በስተሰሜን ያሉት የትራቄ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ሰማያዊ ፀጉራቸው ቀይ ነው ይላሉ ብሎ ጻፈ። በሬና ፈረስ እጅ ቢኖራቸው ኖሮ በሬ በሬ የሚመስል፣ ፈረስ ፈረስ የሚመስል አምላክ ይስሉ ነበር ሲልም ጨመረበት። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ቢያንስ 2,500 ዓመቷ ነው። ጌሙ አላመጣትም።

የእኛንና የግሪክ አማልክትን እውነተኛ ትውውቅ ለሚፈልግ ሰው ከሆሜር ይልቅ አክሱም ያለው ድንጋይ ይሻላል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና የዘመቻውን ድል በግሪክኛና በግዕዝ አስቀረጸ፤ ግዕዙንም በራሱና በሳባ ፊደል። በግዕዙ የአክሱም አምላክ የማሕረም ልጅ ነው። በግሪክኛው ያው ንጉሥ የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነው። ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት መሆኑ ነው። ኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረችው ጨረቃ ወርዳ መስቀል ወጣ።

የሚያስቀኝ ነገር፣ ግሪኮች ራሳቸው አሬስን አይወዱትም። ኢሊያድ ውስጥ ዲዮሜዴስ የሚባል ሰው፣ ሟች ሰው፣ በሴቷ አምላክ በአቴና እርዳታ ሆዱ ላይ በጦር ወጋው። አሬስም እንደ ዘጠኝና ዐሥር ሺህ ወታደር ጮኸ። እያለቀሰ ወደ አባቱ ሲሮጥ ዜውስ «ከአማልክት ሁሉ እንደ አንተ የምጠላው የለም» አለው። አክሱም ላይ ግን ያው ስም የማይሸነፍ ተባለና የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሐውልት ቆመለት። የአክሱሙ ጸሐፊ አሬስን የመረጠው ግሪክኛ የሚያነብ የውጭ ሰው ማሕረም ማን እንደሆነ እንዲገባው ብሎ ይመስለኛል። በባሕር ተሻግሮ የመጣው ስሙ ነው። ጩኸቱ፣ ልቅሶው፣ የአባትየው ስድብ አልመጣም። እዚህ ማንም አላስፈለገውም ነበር።

ታሪክ የሚያስፈልግበት ቤት ሌላ ነው። አንዱን አውቃለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ከእኛ ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የሚለዩ ጎረቤት ነበሩን። እማማ እላቸው ነበር። ጠላ ይሸጣሉ። ከእኔ በአምስት ዓመት የምትበልጥ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም። ቤይሩት ሄዳለች። አባትየውና አንድ ዘመድ ከደላላ ጋር ጨርሰው፣ ፓስፖርት ወጥቶ፣ እናቲቱ የሰሙት ሻንጣው ሲዘጋ ነው። «ትከለክላለች ብለን ነው» አሉ።

እቤታቸው ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። ዘንዶው ከታች፣ ፈረሱ መሀል፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ። ግሪኮቹም እንዲህ ያለች ልጅ አለቻቸው፤ አንድሮሜዳ ትባላለች፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይሏታል፣ ለባሕር አውሬ ተብላ ዐለት ላይ ታስራ ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው እማማ ሥዕሉን እያዩ «ቤይሩት የእሷ አገር አይደል?» ማለታቸውን ነው። ዓይናቸው ዘንዶው ላይ ነበር።

ጥንስስ አቆሙ። ጋኑ ደረቀ። በር ላይ በርጩማ አውጥተው ቁጭ ብለው መንገድ ያያሉ። የሰፈሩ ሴቶች ይመጣሉ፤ ግን ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው። ሞታ ቢሆን ሁሉም ነገር መንገድ አለው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ። አልሞተችም። እንዲያውም ሥራ አግኝታ ነው። «እንኳን ደስ ያለዎት» ያሉም ነበሩ። አንድ ጎረቤት ሰውዬ ደግሞ ቆም አለና፣ «አይዞዎት፣ ጥሩ ቤት ነው አሉ የገባችው» አላቸው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለዴሜቴር የተዘመረውን ጥንታዊ የግሪክ መዝሙር አነበብኩ። ስንኙ 500 አይሞላም። ልጅቷ ፐርሰፎኒ ከጓደኞቿ ጋር መስክ ላይ አበባ ትለቅማለች። ከአንድ ሥር 100 ራስ ያወጣ ናርሲስ የሚባል አበባ አየች። ወጥመድ ነበር። እጇን ስትዘረጋ ምድር ተከፈተች፤ የሙታን ገዢ ሃዴስ በሠረገላ ወጥቶ ይዟት ገባ። ሃዴስ የዜውስ ወንድም ነው፣ አጎቷ ማለት ነው። ዜውስ ደግሞ አባቷ ነው። አባትየው ፈቅዷል። እናቲቱን የጠየቀ የለም።

ዴሜቴር ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ ምድርን ዞረች። አልበላችም፣ ገላዋን አልታጠበችም። በዐሥረኛው ቀን ሁሉን ከላይ የሚያየው ሄሊዮስ፣ ፀሐይ ማለት ነው፣ እውነቱን ነገራት። እግረ መንገዱንም አጽናናት። ሃዴስ እኮ ለአማችነት የሚያሳፍር አይደለም አላት። የገዛ ወንድምሽ ነው፣ ዓለም ለሦስት ሲከፈል አንዱ እጅ የደረሰው ነው።

ጥሩ ቤት ነው አሉ የገባችው።

መጽሐፉን ዘግቼ ውኃ ጠጣሁ።

ከዚያ ዴሜቴር የአማልክትን ሰፈር ትታ ወረደች። አሮጊት መስላ ኤሌውሲስ የምትባል ከተማ፣ ከአቴንስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጉድጓድ አጠገብ ወይራ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ውኃ ሊቀዱ የመጡ አራት እህትማማቾች አግኝተው ወደ እናታቸው ወሰዷት። የቤቱ እመቤት ከወንበሯ ተነሥታ ተቀመጪ አለቻት። እምቢ። ኢያምቤ የምትባል አገልጋይ በርጩማ አምጥታ የበግ ለምድ ጣል አደረገችበት። እዚያ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በሻሿ ሸፍና፤ አትናገር፣ አትስቅ፣ እህል አትቀምስ።

ኢያምቤ መቀለድ ጀመረች። ምን ብላ እንደቀለደች መዝሙሩ አይናገርም። ዴሜቴር መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቀች። ወይን ሲቀርብላት አይሆንልኝም አለች። የገብስ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ፣ ናና ቢጤ ጣል አድርጋችሁ ስጡኝ አለች።

በሶ! ሌላ ምን ይባላል? ሊቃውንቱ «ኪኬዎን» ይሉታል። ውስጡ ሌላ ምን ነበረበት ብለው ሲከራከሩ ዘመን አልፏል፤ የሚያሰክር የእህል ሻጋታ ነበረበት ያሉም አሉ። ይከራከሩ። እኔ ገብስ፣ ውኃና ናና የሚለውን ሳነብ የታየችኝ የእማማ ኩባያ ናት።

እማማን እህል ያስቀመሰቻቸው አንዲት የሰፈራችን ሴት ነበረች። አፏ ልጓም የሌለው፤ እናቴ «ኧረ ልጆች ባሉበት!» እያለች ሁልጊዜ የምትቆጣት። ስምንተኛው ቀን ይሁን ዘጠነኛው አላስታውስም። መጥታ አጠገባቸው መሬት ላይ ዘርፈጥ አለችና ስለ ደላላው አንድ ነገር ተናገረች። እዚህ አይጻፍም። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎን ነበር። ሴትየዋ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «አምጪ ውኃ» አለችኝና በሶ በጠበጠች። ስኳር አበዛችበት። ጠጡ። ኩባያው ባዶ ሲሆን ሁላችንም ኩባያውን ነበር የምናየው።

ኤሌውሲስ ላይ ይህ ታሪክ ሲነገር ብቻ አልኖረም። ከአቴንስ የሚነሡ ሰዎች በየዓመቱ በመስከረም ገደማ ያንን 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ይጾማሉ። መንገድ ላይ ድልድይ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ይሰደባሉ፣ ይቀለድባቸዋል፣ የከተማው ትልቅ ሰው ሳይቀር። ኪኬዎን ይጠጣሉ። በችቦ ብርሃን ወደ ትልቁ አዳራሽ ይገባሉ። ውስጥ የሚታየውን ነገር ማውራት በሞት ያስቀጣ ስለነበር ዛሬም ምስጢር ነው። ሴት፣ ባሪያ፣ የሩቅ አገር ሰው፣ ግሪክኛ እስከተናገረና እጁ የሰው ደም እስካላፈሰሰ ድረስ መግባት ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ እስከ 4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ፣ ወደ ሺህ ዓመት ግድም፣ እንዲህ ሲደረግ ኖረ።

ያ ሁሉ ሰው ታሪኩን ለመስማት አልነበረም የሚሄደው። ያውቀዋል። የሚሄደው ሊሠራው ነው። እናቲቱ እንደጾመች ይጾማል፣ እንደተቀለደላት ይቀለድበታል፣ የጠጣችውን ይጠጣል። በእሷ ችቦ ይሄዳል። እማማ በር ላይ ቁጭ ብለው ያጡት ይህንን ነበር። ለሞተ ሰው ሐዘን ሁሉም ነገር ነበረን። ለተወሰደ ሰው ሐዘን ግን አንዲት ባለጌ አፍ ያላት ሴት ብቻ።

የሰባተኛ ክፍሉ መጽሐፌ ይህን ታሪክ «ብርዱ ወራት ለምን ይመጣል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነው ይል ነበር። ልጅቷ የዓመቱን ሲሶ ከምድር በታች ትኖራለች፣ አበባ ሲፈካ ትወጣለች። ይሁን። ግን ግሪክ አገር እህል የሚዘራው በመጸው ነው። በብርዱ ወራት ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ምድር የምትደርቀው ከአጨዳ በኋላ በበጋው ሐሩር ነው። የእርሻ መማሪያ ቢሆን ኖሮ ይህን አይስትም ነበር።

መዝሙሩ ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዴሜቴር ኤሌውሲስ ላይ ቤተ መቅደስ አሠርታ ገባችና ዘሩን ከመሬት አላስወጣም አለች። አንድ ዓመት ሙሉ። በሬዎች እርፍ ጎተቱ፣ በከንቱ። የሰው ዘር ሊያልቅ ሆነ። ሰው ካለቀ ደግሞ ለአማልክት ጭስ የሚያወጣ የለም፤ ያ የሜቆኔ ዐጥንት እንኳን ሊያመልጣቸው ነው። ዜውስ መልእክተኛ ላከ። እምቢ። አማልክቱን ሁሉ አንድ በአንድ ስጦታ አስይዞ ላከ። ሽማግሌ መላክ ነው በቁሙ። ልጄን በዓይኔ ሳላይ እህል አይበቅልም አለች። ዜውስ ተሸነፈ።

እኛ ሰፈር እንዲህ አልሆነም። የእማማ ጋን ቢደርቅ የቆመ ነገር የለም። ሰዉ ሌላ ቤት ሄዶ ጠጣ። ደላላው በዚያው ክረምት ሌሎች ሁለት ልጆች ላከ። መዝሙሩን ሳነብ የተናደድኩትም በዚህ ነው፤ ጉልበት ያላት እናት ብታዝን ምን ይገርማል ብዬ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። መዝሙሩን የገጠመው ሰው ዓለም እንደማይቆም ያውቅ ነበር። ግሪክ አገር ሴት ልጆች በአባታቸው ቃል ነበር የሚዳሩት፤ አቴንስ ውስጥ ብዙዎቹ ገና በ14 እና በ15 ዓመታቸው። እናቶቻቸው ምን እንደሚሰማቸው የሚመዘግብ መዝገብ አልነበረም። እሱ ግን ይህ ሐዘን ቢመዘን ስንት ይከብዳል ብሎ መዘነው፤ የአንድ ዓመት እህል ከበደው። እና በየዓመቱ፣ እናቷ ሳትጠየቅ ልጁን የዳረ አባት ሳይቀር፣ ጾሞ፣ ተሰድቦ፣ በዚያች እናት መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። ልጁን የሚድርበትን ሕግ አልለወጠም። ሄደ ግን።

ሄርሜስ፣ ያ ተሻጋሪው፣ ልጅቷን ሊያመጣ ወደ ታች ወረደ። ሃዴስ እሺ ብሎ ለቀቃት። ከመውጣቷ በፊት ግን አንዲት የሮማን ፍሬ አጎረሳት። እናት ልጇን ስታይ ከመቅደሱ እየሮጠች ወጣች። ተቃቀፉ። እንደተቃቀፉ እናቲቱን አንድ ፍርሃት ያዛት፤ «ልጄ፣ እዚያ ሳለሽ እህል ቀምሰሻል እንዴ?» አለቻት። ካልቀመሰች ትቀራለች። ከቀመሰች ትመለሳለች።

የእማማ ልጅ በአራተኛ ዓመቷ ለአንድ ወር መጣች። ሁለት ሻንጣ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሽቶ። በአማርኛዋ መሀል «ያዕኒ» ትላለች። ታክሲው ቆሞ ሻንጣ እየወረደ ሳለ እማማ በባዶ እግራቸው ወጡ። እልል የምትለው ያቺ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ እማማ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አራቅ አድርገው አዩዋት።

«እህል ቀምሰሻል?» አሏት።

«አውሮፕላን ላይ ሰጥተውናል» አለች።